ባዶዋ ካርድ እና የ300 ዓመት ጥያቄ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁና ቡናችሁን ቀድታችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ሜሪላንድ የአንድ ወዳጄ ልጅ ከሃይስኩል ተመረቀች። እኔም እንደ አገሩ ልማድ የ100 ዶላር ጊፍት ካርድ ገዛሁና ፖስታው ላይ ምርቃት ጽፌ ሰጠኋት። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፣ መረቅኋት፣ በዚያው አለቀ።

ከሰባት ወር በኋላ ቤታቸው ቡና እየጠጣን፣ እንዲያው ለጨዋታ፣ "ያቺን ካርድ ምን ገዛሽባት?" አልኳት። ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ ጀበናዋን አየች።

"ጋሼ… ካርዷ ባዶ ነበረች።"

ለካ በተመረቀች በሳምንቱ ልብስ መርጣ፣ ተሰልፋ፣ ካሸሪዋ ጋ ስትደርስ "ዜሮ ነው" ተብላለች። ልብሱን መልሳ ወጣች። እናትየው ደግሞ "እንዳትነግሪያቸው፤ ምናልባት እጅ አጥሯቸው ይሆናል" ብላታለች። እንግዲህ ሰባት ወር ሙሉ እነዚህ ሰዎች እኔን ባዶ ፖስታ የሰጠ ሰው አድርገው፣ ግን ይቅር ብለውኝ፣ ቡና እያፈሉ ያስተናግዱኝ ነበር። ሌባው የወሰደው 100 ዶላር ብቻ አልነበረም ለማለት ነው።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ካርዶቹ መደብር ውስጥ እንደ ማስቲካ ተንጠልጥለው ታያላችሁ አይደል? ሌቦቹ ከዚያ ላይ ብዙ ካርድ ያነሳሉ፣ ማሸጊያውን በዘዴ ከፍተው የካርዱን ቁጥርና የሚስጥር ኮዱን ይገለብጣሉ፣ መልሰው ያሽጉና ቦታው ላይ ይሰቅሉታል። ከዚያ መጠበቅ ነው። የእኔ ቢጤው መጥቶ ገንዘብ ሲያስጭንበት ቀሪ ሂሳቡን በኮምፒውተር የሚከታተሉት ሰዎች በደቂቃዎች ውስጥ ያሟጥጡታል። አገር ቤት የሞባይል ካርድ ስንፍቅ እናውቀው የለ? ዋጋ ያለው ወረቀቱ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን ቀድሞ ያየ ካርዱን በላው ማለት ነው።

እኔን የቆረቆረኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ስርቆቱ የተፈጸመው መቼ ነው? ሌባው ካርዱን ሲያነሳ ካርዱ ገንዘብ የለውም፤ ሳንቲም የማያወጣ ፕላስቲክ ነው። ያውም መልሶ ሰቅሎታል። ገንዘቡ ሲገባበት ደግሞ ሌባው ሱቁ ውስጥ የለም። የተሰረቀው ማነው? የከፈልኩት እኔ? የተቀበለችው ልጅ? ወይስ መደብሩ? ሕግ እንደዚህ ዓይነት ነገር ሲገጥመው ይደነግጣል። ድንጋጤው ግን አዲስ አይደለም።

የአሜሪካ ሕግ አባቱ የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ነው። በዚያ ጥንታዊ ሕግ ሌባ ማለት የሚዳሰስ፣ ዋጋ ያለው ዕቃ ከባለቤቱ እጅ አንስቶ የወሰደ ነው። በግ፣ ማንኪያ፣ ጨርቅ። ታዲያ የዕዳ ሰነድ የሰረቀስ? ዳኞቹ "ወረቀት እኮ ነው፤ ገንዘቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ወረቀቱ ማስረጃ ብቻ ነው" ይሉ ነበር። ነጋዴው ሀብቱን ሁሉ ወረቀት ላይ በሚያስቀምጥበት ዘመን ይሄ አያስኬድም። ስለዚህ ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1729 የባንክ ኖትና መሰል ሰነድ የሰረቀ፣ ሰነዱ የሚያወጣውን ገንዘብ ያህል ዕቃ እንደሰረቀ ይቆጠር ብሎ ደነገገ።

በ1799 ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ጆሴፍ ቤዝሊ የሚባል የባንክ ገንዘብ ተቀባይ፣ ደንበኛ ለባንኩ ያስገባውን የ100 ፓውንድ ኖት ኪሱ ከተተው። ዳኞቹ ተከራከሩ፣ ተከራከሩና "ኖቱ ባንኩ እጅ ገና አልገባም ነበር፤ ባንኩ ያልያዘውን ነገር ከባንኩ ሊሰርቅ አይችልም" ብለው ለቀቁት። ፓርላማው በዚያው ዓመት ቀዳዳውን የሚደፍን፣ የአደራ ገንዘብ መብላትን የሚቀጣ ሕግ አወጣ። የኔ ካርድ ጥያቄ ከቤዝሊ ጥያቄ በምን ይለያል? ገንዘቡ በመንገድ ላይ እያለ፣ ማን እጅ ነው የነበረው?

የስርቆቱ ነገር ይሄ ነው። የማታለሉ ነገር ግን እኔንም ስለሚነካኝ ልናዘዝ።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት የማከብራቸው እናት ስልክ ተደወለላቸው። "ከግብር መሥሪያ ቤት ነው፤ ዕዳ አለብዎት፤ ዛሬ ካልከፈሉ ፖሊስ ይመጣል" አላቸው ደዋዩ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ሱቅ እንዲሄዱ አደረጋቸው፤ ጊፍት ካርድ አስገዛቸው፤ ጀርባውን አስፍቆ ቁጥሩን አስነበባቸው። ለአራት ወር ሽማግሌ ጠብቀው፣ ቤት አጽድተው ያጠራቀሙትን ነው የወሰደባቸው። ሲነግሩኝ ከአፌ የወጣው ምን መሰላችሁ? "እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ያምናሉ?" እሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አላወሩም፤ ለፖሊስም አላመለከቱም።

በ1700ዎቹ መጀመሪያ ጆንስ የሚባል ሰው አንዱ ቤት ሄዶ "እከሌ ልኮኝ ነው፤ 20 ፓውንዱን ስጠኝ" ብሎ ተቀብሎ ሄደ። ማንም አልላከውም። ጉዳዩ የቀረበላቸው የእንግሊዙ ዋና ዳኛ ጆን ሆልት የሰጡት መልስ ባጭሩ "አንዱ ሌላውን ስላሞኘ በወንጀል አንከሰውም፤ ከፈለገ በፍትሐ ብሔር ይጠይቀው" የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ አስተሳሰብ የሐሰት ሚዛን ወይም የሐሰት ማኅተም ይዞ የመጣ ወንጀለኛ ነው፤ በምላሱ ብቻ ያታለለ ግን አይደለም፤ አለማመን የራስህ ፋንታ ነው። ይህ የተለወጠው በ1757 ነው፤ በሐሰት ቃል ገንዘብ ወይም ዕቃ መቀበል በእስራት፣ በግርፋት፣ እስከ 7 ዓመት ባሕር ማዶ በመጋዝ ጭምር የሚያስቀጣ ጥፋት ሆነ።

ያን ታሪክ ሳነብ ራሴን አገኘሁት። እኔ ለእኚያ እናት የሰጠሁት ፍርድ የሆልትን ፍርድ ነበር። ሕጉ የተወውን ነገር እኔ እስከ ዛሬ ይዤው ነበር።

እኛስ አገር? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ረቂቁ የስዊዘርላንዳዊው የዣን ግራቨን ነው፤ ከአህጉራዊው አውሮፓ ወግ ስለመጣ በእንግሊዞቹ ቀዳዳ አልተቸገረም። አሁን ባለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አታላይነት በአንቀጽ 692 ተደንግጓል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒውተር አማካኝነት የሚፈጸመውን ማታለል ለብቻው ያነሳል።

ወደ አሜሪካ ልመለስ። በስልክና በመሳሰለው የሚፈጸም ማጭበርበር በፌዴራል ሕግ ወንጀል የሆነው በ1952 ነው፤ ዛሬ ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። በ1984 ኮንግረስ አንድ ብልህ ነገር አደረገ፦ ካርድ ብቻ ሳይሆን ኮድ፣ የሂሳብ ቁጥር፣ ገንዘብ ወይም ዕቃ የሚያስገኝ ማንኛውም "መግቢያ" ይጠበቃል አለ። ለማጭበርበር አስቦ 15 ወይም ከዚያ በላይ ያልተፈቀደለትን የያዘ ሰው፣ ገና ሳይጠቀምበትም ይጠየቃል። ይኼ ከ1729ኙ ሕግ ልጅ ልጆች አንዱ ነው በሉት።

ጊፍት ካርዱ ራሱ ግን ያኔ አልተወለደም። ኒማን ማርከስ የተባለው መደብር የፕላስቲክ ካርድ መሸጥ የጀመረው በ1994 ነው። ቀጥሎ ብሎክበስተር፣ ያ የቪዲዮ ማከራያ፣ ካርዱን አውጥቶ ደንበኛ በሚያየው ቦታ ሰቀለው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ገንዘብ ያልተጫነበትን ካርድ ማን ይሰርቃል? ቢሰርቅስ ምን ያደርገዋል? ለዓመታት ያ መደርደሪያ ያለ ጠባቂ የቆመው በዚህ እምነት ነው። ሌቦቹ የተገለበጠውን አሰቡ፤ ካርዱን ሳይሆን ካርዱ ነገ የሚሆነውን ሰረቁ።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 ብቻ ሰዎች በጊፍት ካርድ ለአጭበርባሪዎች የከፈሉትን 217 ሚሊዮን ዶላር መዝግቧል። ይሄ እንግዲህ ያመለከቱት ብቻ ነው። እንደ እኚያ እናት ዝም ያሉት፣ እንደ ወዳጄ ልጅ አፍረው የተዉት የሉበትም። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት መጨረሻ ካርድ በሚያሟጥጡ የተደራጁ ቡድኖች ላይ የተለየ ዘመቻ ከፍቷል።

እኛ ብዙ ሐበሾች የምንኖርባት ሜሪላንድ ደግሞ በ2024 ከግዛቶች ሁሉ ቀድማ ካርዶች ሲነኩ በሚያስታውቅ ማሸጊያ እንዲሸጡ፣ ሠራተኞችም ማጭበርበሩን እንዲለዩ እንዲሠለጥኑ የሚያዝ ሕግ አወጣች። ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ይኼ ሕግ ሌባውን ከማሳደድ ይልቅ መደርደሪያውን ነው የያዘው። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ሆልት ለገዢው "ተጠንቀቅ" አሉት፤ የአሁኑ ሕግ ለሻጩ "አንተም ተጠንቀቅ" አለው።

በሉ እንግዲህ ላብቃ። ጊፍት ካርድ ስትገዙ ማሸጊያውን በጥፍራችሁ ፈትሹ፤ ደረሰኙን አትጣሉ፤ ለምትሰጡትም ሰው ደረሰኙን አብራችሁ ስጡ። ነውር የለውም። ግብር በጊፍት ካርድ የሚቀበል መንግሥት የለም፤ የሚጠይቃችሁ ሁሉ ሌባ ነው። ከተታለላችሁ ካርዱ ላይ ባለው ስልክ ወዲያው ደውሉ፤ ከዚያም አመልክቱ።

ከሁሉ በላይ ግን ተናገሩ። ባዶ ካርድ የሰጣችሁን ሰው "ባዶ ነው" በሉት። ሌባው እኮ በይሉኝታችን ላይ ነው ሱቅ የከፈተው።

እኔ ለልጅቷ ሌላ ካርድ ልገዛላት አልኩና ተውኩት፤ ጥሬ ገንዘብ ሰጠኋት። እኚያን እናት ደግሞ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "ስለ ምኑ ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረና "አንተ ብቻ ነህ መልሰህ ያነሳኸው" አሉኝ።

ቸር ይግጠመን። ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸው።