የሴት ሳይንቲስቶች የሕይወት ታሪክ በልጆች ሥዕላዊ መጻሕፍት

የሴት ሳይንቲስቶችና የሒሳብ ሊቃውንት ሥዕላዊ የሕይወት ታሪክ ለልጆች የሚዘጋጅ የመጽሐፍ ዓይነት ሲሆን፣ የእውነተኛ ሰው ሕይወትን በአጭር ጽሑፍና በየገጹ በሚገኝ ሥዕል ይተርካል። መጽሐፉን ወላጅ ወይም መምህር ለልጆች ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ ጀማሪ አንባቢም ራሱ ሊያነበው ይችላል።

አጻጻፍ

ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ከልጅነት ጥያቄ ተነሥቶ ወደ ምርምር ሥራው ይሄዳል። ረቂቅ ሐሳብ ልጅ በሚያውቀው ነገር ይገለጻል። ለምሳሌ አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅ ካትሪን ጆንሰን (1918–2020 እ.ኤ.አ.) በልጅነታቸው እርምጃቸውንና የሚያጥቧቸውን ሳህኖች ይቆጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ጠፈርተኛው ጆን ግሌን ከመነሣቱ በፊት ኮምፒውተሩ ያወጣውን ስሌት በእጅ አረጋግጠዋል።

የእውነተኛነት ጥያቄ

በጥቂት ገጽ ብዙ ዓመታትን መተረክ ታሪኩን ከልክ በላይ ሊያቀልለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የሄሌይን ቤከር «ካውንቲንግ ኦን ካትሪን» በንዑስ ርዕሱ ጆንሰን አፖሎ 13ን እንዳዳኑ ይናገራል፤ መንኮራኩሯ የተመለሰችው ግን በብዙ ባለሙያዎች የጋራ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የማርጎት ሊ ሸተርሊ ሥዕላዊ መጽሐፍ «ሂድን ፊገርስ» የአራት ሴቶችን ታሪክ በአንድነት ያቀርባል።

በአፍሪካ

ከአፍሪካውያን ሴት ሳይንቲስቶች መካከል በዚህ ዓይነት መጻሕፍት ተደጋግመው የተተረኩት ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ናቸው። የሥነ ሕይወት ምሁር ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የዛፍ ተከላ ንቅናቄ መሥርተው በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝተዋል። የጃኔት ዊንተርና የክሌር ኒቮላ መጻሕፍት ሁለቱም በ2008 ስለ እሳቸው ታትመዋል።

በኢትዮጵያ

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ «ሲሊ ማሞ» የተባለውን የአማርኛና የእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ አዘጋጅተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፍተዋል።

ለሥዕላዊ የሕይወት ታሪክ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያትም አሉ፦

• ሰገነት ቀለሙ፦ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ። በጎጃም ፍኖተ ሰላም ያደጉ ሲሆን፣ በልጅነታቸው የአንበጣ መንጋ የአካባቢያቸውን ሰብል ሲያጠፋ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር ሆኑ፤ በ2014 የሎሬያል–ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማትን አገኙ።
• ያለምፀሐይ መኮንን፦ የሥነ ሕይወት ምሁር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ፣ ለመድኃኒትነት በሚውሉ ዕፅዋት ላይ ተመራምረዋል።
• ሶስና ኃይሌ፦ እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ አበባ የተወለዱና አሜሪካ የሚሠሩ የቁስ ሳይንስ ተመራማሪ። ኤሌክትሪክ ለማመንጨት በሚያገለግሉ የነዳጅ ሕዋሳት ላይ በሠሩት ምርምር ይታወቃሉ።

ቋንቋና ሥዕል

ልጆች በትምህርት ቤት የሚያነቡት ቋንቋ ቤታቸው ከሚናገሩት ሊለይ ይችላል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሲሆን፣ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞም ይነገራሉ። አሶሳ ውስጥ ቤቷ በርታ የምትናገር ልጅ የሰገነት ቀለሙን ታሪክ በአማርኛ ብታነብ፣ «ተመራማሪ» የሚለው ቃል ሊከብዳት ይችላል። አንበጣ የወረረውን ማሳና በኋላ ነፍሳት የሚጠኑበትን ቤተ ሙከራ የሚያሳዩ ሁለት ሥዕሎች ግን ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዷታል። በሁለት ቋንቋ የተዘጋጀ መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ ያነበበችውን ለቤተሰቧ በራሷ ቋንቋ ማንበብ ትችላለች።