በቲኬት የተገዛ ቤት

በዋሽንግተን ዲሲ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማዶ፣ ሳንኮፋ የሚባል ቤት አለ። ግማሹ መጻሕፍት መደብር፣ ግማሹ ካፌ ነው። መደርደሪያዎቹን የሞሉት ጥቁር ሕዝብ ስለ ራሱ የጻፋቸው መጻሕፍትና የሠራቸው ፊልሞች ናቸው። ሳንድዊቾቹ ሳይቀሩ በጥቁር ፊልም ሠሪዎች ስም ስለሚጠሩ፣ ለምሳ ጎራ ያለ ተማሪ ማንነቱን ሳያውቅ የአንድ ዳይሬክተር ስም ጠርቶ ያዝዛል፤ ነገሩ ከገረመው ደግሞ የሰውየውን ፊልም እዚያው ፈልጎ ያገኘዋል። እኛ የዲሲ ሐበሾች ቦታውን «የኃይሌ ገሪማ ቤት» እንለዋለን።

ጥበብ ማኅበረሰብን ያጠነክራል፣ ለለውጥ ያነሳሳል ሲባል በየስብሰባው እንሰማለን። እንዴት ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙው ተናጋሪ መልሱ ያጥረዋል። እኔም መልሱን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ እዚህ ከተማ ስኖር፣ እዚህ ቤት ስገባና ስወጣ ነው የገባኝ። እዚህ አገር የባህል ማዕከል ሲከፈት የሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ገንዘቡን ማን ሰጠ?» የሚል ነው። የሳንኮፋን ገንዘብ የሰጠው የፊልም ተመልካች ነው። ከዚህ በታች የምተርከው ይኸው እንዴት እንደሆነ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። ልጃቸውም መድረክን የተዋወቁት ገና በልጅነታቸው፣ በአባታቸው ተውኔቶች ላይ ነው። በ1967 ቲያትር ለማጥናት ቺካጎ መጡ። እዚያ ያጋጠማቸው ግን በምዕራባውያን ተውኔቶች ውስጥ ለጥቁር ተዋናይ የሚተርፈው የአሽከር ሚና ነበር። በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በዩሲኤልኤ የፊልም ትምህርት ጀመሩ። በዚያ ግቢ ከነቻርልስ በርኔት፣ ከነጁሊ ዳሽ፣ ከነላሪ ክላርክ ጋር ተገናኙ። እነዚህ ወጣቶች የፈጠሩት እንቅስቃሴ በኋላ «የሎስ አንጀለስ አመጽ» የሚል ስም ወጣለት። ሆሊውድ ጥቁርን ሰው የሚስልበትን መንገድ ንቀው፣ በትንሽ ገንዘብና በጓደኛ ጉልበት፣ የየሰፈራቸውን ኑሮ ይቀርጹ ነበር። የኃይሌ «ቡሽ ማማ» በሎስ አንጀለሱ ዋትስ ሰፈር በመንግሥት ድጎማ ልጇን የምታሳድግ እናትን ይዞ ተነሳ። በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ደግሞ ካሜራውን ወደ አገር ቤት መልሶ፣ ባላባትንና ጭሰኛን ፊት ለፊት አቆመ።

በ1975 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ለአሥርት ዓመታት ስላስተማሩ በእጃቸው ያለፈውን ተማሪ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። «አራይቫል» በተሰኘው ፊልም የካሜራ ሥራው ለኦስካር የታጨው ብራድፎርድ ያንግ አንዱ ነው።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው በ1993 ነው። በዚያ ዓመት «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልማቸው በበርሊን ፌስቲቫል ተወዳደረ። በፊልሙ ታሪክ ሞና የምትባል አሜሪካዊት ሞዴል ለፎቶ ሥራ ጋና ትሄዳለች። ባሪያ ይጫንበት በነበረው የኬፕ ኮስት ምሽግ ውስጥ ስትዘዋወር ዘመን ወደ ኋላ ይመልሳትና፣ ሾላ የምትባል ባሪያ ሆና የሸንኮራ እርሻ ላይ ራሷን ታገኛለች። በዚህ ፊልም ውስጥ ባሪያው እንዲታዘንለት አልተቀረጸም፤ በሌሊት ይመክራል፣ ያምጻል፣ ከራሱ ወገን ጋር ይከራከራል። በርሊን የተቀበለውን ፊልም የአሜሪካ አከፋፋዮች አንፈልግም አሉ።

ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና፣ እሳቸውም የፊልም ዳይሬክተር ናቸው፣ አከፋፋይ መለመኑን ትተው ሲኒማ ቤት ተከራዩ። የዚህ አሠራር ሒሳብ ጨካኝ ነው። ባለ ሲኒማ ቤቱ ኪራዩን ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ትርፉም ኪሳራውም የተከራዩ ነው። ወንበሩ ባዶ ካደረ ዕዳው ቤት ድረስ ይከተላል። ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ፣ ወንበሩን መሙላት የሚችለው ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ገና ሳይታይ ሥራው ወደ ማኅበረሰቡ ገባ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የሰፈር ማኅበሩ፣ መጽሐፍ ሻጩ፣ መምህሩና ተማሪው ወሬውን ተቀባበሉት። ጆርጅታውን በነበረው ባዮግራፍ ሲኒማ የተጀመረው ትርዒት ለሳምንታት ቀጠለ። ዝናው በተሰማበት በሌላው ከተማም ሰዎች ተሰባስበው «እኛ ጋም ይምጣ» አሉ፤ ቲኬት መሸጡን፣ እንግዳ መቀበሉን፣ አዳራሽ ማፈላለጉን ራሳቸው ያዙት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቲኬት የሸጠ ሰው ፊልሙን ዝም ብሎ አያይም። ጎረቤቱን አሳምኖ አምጥቷልና በሚቀጥለው ቀን ስለ ፊልሙ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ያከራክሩታል፣ ይመልሳል፣ ሌላ ሰው ይዞ እንደገና ይመጣል። ሰዎች ስለ ባርነት ታሪክ መነጋገር ያለባቸው በፌብሩዋሪ፣ በጥቁሮች ታሪክ ወር ብቻ ነው የሚለው ልማድም በዚህ መንገድ ተሰበረ። ከፊልሙ ይልቅ ፊልሙን ለማሳየት የተሠራው ሥራ ሰዎችን አደራጀ ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ገቢ ነው የጆርጂያ አቬኑው ሕንፃ የተገዛው። መጻሕፍት መደብሩ በ1998 ተከፈተ። ደራሲ መጽሐፉን ያስመርቅበታል፣ ፊልም ይታይበታል፣ ወላጆች የልጆቻቸውን መልክ የሚመስል ሥዕል ያለበት የተረት መጽሐፍ ይፈልጉበታል። በ1993 የተገፋው ፊልምም አልሞተም፤ በ2021 የፊልም ዳይሬክተሯ የአቫ ዱቨርኔይ ድርጅት አሬይ አድሶት በኔትፍሊክስ ለዓለም ቀረበ። ያን ጊዜ ግን ፊልሙ የማንንም ፈቃድ ከመጠበቅ ከወጣ ቆይቶ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ታሪክ ውስጥ የት ነን? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ጋር ያለን ግንኙነት ሁልጊዜ የሞቀ አልነበረም። በ2005 ዘጠነኛው ስትሪትና ዩ ስትሪት የሚገናኙበትን አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ለማሰኘት ሐሳብ ሲቀርብ፣ ከነባሮቹ ነዋሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ተነሳ። ዩ ስትሪት የጃዝ ሙዚቀኛው የዱክ ኤሊንግተን መንደር ነው፤ «ጥቁር ብሮድዌይ» ይባል ነበር። በ1968ቱ ሁከት ሰፈሩ ተቃጥሎ ሲፈርስ የቆዩት እነሱ ናቸው፤ እኛ ምግብ ቤት የከፈትነው በኋላ ነው። ቅሬታቸው መሠረት ነበረው።

ይህ ቅሬታ ፊት ለፊት ሲነገር የሰማሁት ሳንኮፋ ውስጥ ነው። ኃይሌ በ1999 የሠሩት የዓድዋ ፊልም ከታየ በኋላ ውይይት ተከፈተ። እንደ ልማዳችን ተራ በተራ እየተነሳን ስለ ዓድዋ ኩራታችንን ተናገርን። አንዲት ጠና ያሉ ጥቁር አሜሪካዊት እጃቸውን አወጡና፣ «እናቴ መንገድ ዳር ቆማ እጇን ስታወጣ ታክሲያችሁን ሳታቆሙ ታልፋላችሁ። እዚህ መጥታችሁ ደግሞ ዓድዋ የሁላችንም ድል ነው ትሉኛላችሁ። የትኛውን ልመን?» አሉ። አዳራሹ ፀጥ አለ። ከኋላ አንድ የእኛ ሰው፣ ታክሲ ነጂ ነው፣ ተነስቶ በሌሊት መዘረፉን፣ ከዚያ ወዲህ ፍርሃት እንደያዘው ተናገረ። ሴትዮዋ «እኔም ተዘርፌያለሁ፤ ሰፈሩን ግን የሚያቋርጥልኝ ታክሲ ያስፈልገኛል» ብለው መለሱለት። ክርክሩ አልተቋጨም። ሰዎቹ ጃኬታቸውን ለብሰው ከወጡ በኋላም የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመው ቀጠሉ። የዓድዋን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ድሉ ከእኛ ምን እንደሚጠብቅ ግን የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ምሽት አልነበረም። ይህን ጥያቄ የትኛውም የማኅበር ስብሰባ ሊያነሳው አይችልም፤ በስብሰባ እነሱ ለብቻ፣ እኛም ለብቻ ነንና።

በ2008 በቬኒስ ተሸልሞ፣ በማግስቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት የወሰደው «ጤዛ» ደግሞ ወደ ውስጣችን አዞረን። ከጀርመን ወደ ደርግ ዘመን ኢትዮጵያ የሚመለሰው የአንበርብር ታሪክ፣ በየሳሎናችን እየተድበሰበሰ ያለፈውን የዚያን ትውልድ ጉዳይ አደባባይ አወጣው። የአባቶቻቸውን ዝምታ ሳይረዱ ያደጉ ልጆች ጥያቄ ይዘው ሲመጡ አይቻለሁ።

ከተማው ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ እየተለወጠ ነበር። በ1970 ከመቶ ሰባ የሚሆነው የዲሲ ነዋሪ ጥቁር ነበር፤ በ2011 ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወረደ። በጆርጂያ አቬኑ አዳዲስ ሕንፃዎች ሲቆሙ የመሬቱ ዋጋ ናረ፣ ከዋጋው ጋር የንብረት ግብሩም ናረ። ሳንኮፋ ሕንፃው የራሱ ቢሆንም በግብሩ ምክንያት ሊዘጋ የሚችልበት ቀን ታየ። በ2019 ደንበኞቹ፣ ተማሪዎቹ፣ ደራሲዎቹ ፊርማ አሰባስበው፣ የከተማው ምክር ቤት ፊት ቀርበው መሰከሩ። ምክር ቤቱም ለ10 ዓመት የግብር እፎይታ ሰጠ። የዕድር ድንኳን በተቀደደ ጊዜ አባሉ ሁሉ መርፌ ይዞ የሚመጣው መዋጮው የራሱ ስለሆነ ነው፤ ለሳንኮፋ የሆነውም ይኸው ነው። ቤቱን በ1993 በቲኬት የገዛው ሰው በ2019 በምስክርነት ጠበቀው።

በዚያው ዓመት በኤፕሪል፣ ከሳንኮፋ ወረድ ብሎ ፍሎሪዳ አቬኑ ማዕዘን ላይ ሌላ ነገር ሆነ። አንድ የሞባይል ሱቅ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጎ-ጎ ሙዚቃ ወደ መንገዱ ይለቅ ነበር። ጎ-ጎ በቸክ ብራውን ዘመን እዚሁ ዲሲ የተወለደ፣ በዘፈንና በዘፈን መካከል ከበሮው የማይቋረጥ ሙዚቃ ነው። አዲስ ከገቡት ነዋሪዎች ቅሬታ ቀረበና ሙዚቃው ጠፋ። በቀናት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፊርማ ተሰበሰበ፤ ሕዝቡም መንገድ ላይ ወጥቶ በባንድ ጨፈረ። ሙዚቃው ተመለሰ፤ በ2020 ጎ-ጎ የከተማዋ ይፋዊ ሙዚቃ መሆኑ በሕግ ታወጀ። ሁለቱም ድሎች የቤት ኪራይን አላወረዱም፤ ተገፍቶ ወደ ሜሪላንድ የሄደውንም አልመለሱም። ነገር ግን ከተማው አንድን ሕዝብ እንደሌለ ቆጥሮ ማለፍ እንደማይችል አሳይተዋል፤ ያሳዩትም ሰዎቹ አስቀድመው የሚሰባሰቡበት ሙዚቃና የሚገናኙበት ቤት ስለነበራቸው ነው።

የእኛም ሰው አልተኛም። አርቲስት ዓለምፀሐይ ወዳጆ በ2000 ያቋቋሙት ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል በዚህ ከተማ ወርኃዊ የግጥም ምሽቱን ሲያካሂድ፣ ተውኔት ሲያሳይ ኖሯል። ከሥራ በቀጥታ የመጣች ነርስ የጻፈችውን ግጥም የምታነብበት መድረክ ያለን በእሳቸው ጽናት ነው። ይሁንና የአብዛኛው ዝግጅታችን ዕጣ የኪራይ አዳራሽ ነው። ዘፋኝ ከአገር ቤት ሲመጣ ውድ ቲኬት ሳንከራከር እንገዛለን፤ ለግጥም ምሽት ሲሆን «ነፃ መግቢያ የለም?» እንላለን። ሌሊቱ ሲነጋ የአዳራሹ ቁልፍ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል።

የአዳራሽ ኪራይ ስንከፍልበት የኖርነው ገንዘብ ቢጠራቀም ሕንፃ ይገዛ ነበር። ዕቁብ መጣል የምናውቅ፣ ቤተ ክርስቲያን በራሳችን መዋጮ የገዛን ሕዝብ ነን፤ ለጥበብ ሲሆን ምን አቃተን? ስለዚህ በየከተማው ላለው ወገኔ የምለው አጭር ነው። ለገጣሚውም ለፊልም ሠሪውም ቲኬት ግዙ፤ ከዚያም አልፎ ለጎረቤታችሁ ሽጡ፤ ጎረቤታችሁ ሐበሻ ካልሆነ ደግሞ እሰየው። ትርዒቱ ሲያልቅ ወደ መኪናችሁ አትሩጡ፤ ለውይይቱ ቆዩ። ልጆቻችሁን አምጡ፣ ይጠይቁ። ከገቢው ላይ በየጊዜው ለቤት መግዣ የሚቀመጥ ድርሻ ይኑር። ሳንኮፋን ያቆመው ይኼ ነው፤ የእኛንም የሚያቆመው ይኼው ነው።