ከባለቤቱ ጋር የሚያረጅ ቤት

ቤት ሲያረጅ ይዘማል፤ ይሰነጠቃል፤ ኋላም ይፈርሳል። ይህ በየአገሩ የታወቀ የቤት ዕጣ ነው። በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ ግን ሌላ ዓይነት እርጅና አለ። እዚያ ቤት ሲያረጅ ያጥራል። በአዲስነቱ ከሩቅ የሚታይ ግዙፍ የነበረው፣ በባለቤቱ የሽምግልና ዘመን ጣሪያው ከሰው ራስ ብዙም የማይርቅ ጎጆ ሆኖ ይገኛል። ለመሆኑ ሰው ቤቱ ዓመት በዓመት እያነሰበት ሲሄድ እንዴት ደስ ብሎት ይኖራል?

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ይነሣና አባያንና ጫሞን ቁልቁል እያሳየ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ያደርሳል። የቆላው ሙዝ ቀርቶ እንሰትና ቀርከሃ ይመጣል፤ ሙቀቱ ለብርድና ለጭጋግ ቦታውን ይለቃል። ዶርዜ እዚህ ነው። ቤቱም የሚሠራው ከደጅ ከሚበቅለው ነው። ቀርከሃው ተሰንጥቆ፣ ልክ እንደ ቅርጫት፣ ከታች ወደ ላይ ይሸመናል። መሐል ምሰሶ የለውም፤ ክብደቱን የሚችለው ራሱ ሽመናው ነው። ላዩ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልባስ ይከደናል። ወጣ ብላ የተሠራችው መግቢያ እንደ ኩምቢ፣ ከበላይዋ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች እንደ ዐይን ሆነው ቤቱን የዝሆን ራስ ያስመስሉታል። በጥበቡ አገር ያለበሰ ሕዝብ ቤቱንም ሸምኖ ቢሠራ ምን ይገርማል!

አዲስ ቤት እስከ 12 ሜትር ቁመት ሊኖረው ይችላል። የዚህ ሁሉ ቁመት ምስጢሩ ምስጥ ነው። መሬት የነካውን የቀርከሃ ጫፍ ምስጥና እርጥበት ይበሉታል። የበሰበሰው ይቆረጣል፤ ቤቱም ያን ያህል ዝቅ ይላል። ከላይ ያለውን ቀርከሃ ደግሞ የምድጃው ጢስ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። እንዲህ እያለ ቤቱ ከራሱ ደኅና ሆኖ ከእግሩ እያለቀ ይኖራል። 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆይ እንዳለም ይነገራል። እናት ለሚያድግ ልጇ ልብሱን ሰፋ አድርጋ ታሰፋለች፤ ዶርዜም ለሚያረጅ ቤቱ ቁመት ይጨምርለታል። ያ ሁሉ ከፍታ ለረጅሙ መንገድ የተያዘ ስንቅ ነው።

እስቲ ይህን ከባለቤቱ ዕድሜ ጋር አስተያዩት። አዲስ ተጋቢዎች ኑሮን የሚጀምሩት በወላጅ ግቢ ውስጥ በምትሠራላቸው ትንሽ ጎጆ ነው። ልጅ ሲወለድ፣ ከብት ሲረባ፣ እንግዳ ሲበዛ ትልቁ ቤት ይመጣል። ከብቶቹ እንኳ ማታ ማታ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ሳይሆን እዚያው ቤት ውስጥ፣ በጋረጣ ተለይተው ያድራሉ፤ ትንፋሻቸውም የደጋውን ብርድ ይሰብራል። ዓመታት አልፈው ልጆች የየራሳቸውን ጎጆ ሲወጡ ግን ለሁለት ሽማግሎች ያ ሁሉ ቁመት ምን ይሠራል? ዝቅ ያለ ጣሪያ በጥቂት እንጨት ይሞቃል። ኑሮው ሲቀንስ ቤቱም አብሮ ይቀንሳል።

በትንሽ ቤት የመኖር ፍቅር በሌላውም ዓለም አለ። ጃፓናዊው መነኩሴ ካሞ ኖ ቾሜይ በ1212 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ የራሱን ነገር ተርኳል። ከዘመዶቹ ቤት ወጥቶ የዚያን አንድ አሥረኛ የሚያህል ቤት ሠራ። ወደ 60 ዓመቱ ሲቃረብ ደግሞ ከዚህኛው አንድ መቶኛ እንኳ የማይሞላ፣ በየጎኑ 3 ሜትር ገደማ የሆነ ጎጆ ተራራ ላይ ቀለሰ። ጎጆው ተነቃቅሎ በሁለት ጋሪ ይጫን ነበር። የዶርዜ ሽማግሌና ይህ መነኩሴ ቢገናኙ ስለ ቤት ብዙ በተግባቡ!

በአንድ ነገር ግን ይለያያሉ። መነኩሴው ትንሽ ቤት የሠራው ከሰው ለመራቅ ነው። የዶርዜ ቤት ያለ ሰው አይቆምም። ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግ ቤቱ አይፈርስም፤ በአግድም ወፋፍራም ቀርከሃ ይገባበትና ጎረቤት ተጠራርቶ ከነቁመቱ ተሸክሞ ይወስደዋል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው ተረት ቤት ላይ ሲሠራ የሚታየው እዚህ ነው።

ትንሽነት ብቻውን ጸጋ አለመሆኑን የሚመሰክሩም ከዚያው ከጋሞ የወጡ ናቸው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢው በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ ወዲህ ብዙ የጋሞ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ገቡ፤ ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳንም የሸማ ሰፈር አደረጓት። እዚያ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ አልጋውም፣ ምድጃውም፣ ሸማኔው እግሩን የሚከትበት ጉድጓድም አንድ ላይ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ይህችም ትንሽ ቤት ናት፤ ነገር ግን ያነሰችው ኑሮው ስላነሰ አይደለም። ልጅ ሲጨመር አትሰፋም፤ ኪራይ ሲጨመር ታስለቅቃለች። ትንሽ ቤት የሚያምረው ሰው በራሱ ልክ፣ በራሱ ጊዜ ሲገባበት ነው።

በደጋውም ነገሩ እየተለወጠ ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ ቆርቆሮ ክዳን የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ ነበር። ዛሬ ቆርቆሮው ዶርዜም ደርሷል። መሬት በየትውልዱ ሲከፋፈል የቀርከሃው ቦታ ይጠብባል፤ ቆርቆሮ ደግሞ በየዓመቱ ክደነኝ አይልም። በዚህ የመረጠውን ሰው ማን ይወቅሰዋል? ከብርድ ማዶ ሆኖ “ባህላችሁን ጠብቁ” ማለት ቀላል ነው።

ይሁንና የቆርቆሮ ቤት ከባለቤቱ ጋር አያረጅም። ልጆች ሲወጡ ክፍሎቹ ባዶ ይቀራሉ እንጂ አያንሱም። ለመሸከምም ጎረቤት አይጠራም። የዶርዜ አባቶች ለዚህ መልስ ነበራቸው፦ ቤቱን በጉብዝና ዘመን ረጅም አድርጎ መሥራት፣ ከዚያ ምስጡም ዕድሜም ድርሻቸውን ሲወስዱ ሳያጉረመርሙ ዝቅ ማለት።