ጥርጊያው ዳዋ እንዳይለብስ

የሕንፃ ታሪክ ሲጻፍ መሠረቱን የጣለው ሰው ስም ከፊት ይሰፍራል። የእግር መንገድ ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል፤ ከፋቹ ትውልድ ካለፈ በኋላ በየዓመቱ እየተመለሰ የሚመነጥር እጅ ከጠፋ፣ መንገዱም ታሪኩም አብረው ዳዋ ይለብሳሉ። በሰሜን አሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የሎያልሶክ የእግር መንገድ ለዚህ ምስክር ነው።

መንገዱ ስሙን የወረሰው በተራሮቹ መካከል እየተጠማዘዘ ከሚወርደው ወንዝ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ይህ አካባቢ የሚፈለገው ለውበቱ ሳይሆን ለእንጨቱ ነበር። ከጥድ ወገን የሆነው ሄምሎክ ቅርፊቱ ለቆዳ ማልፊያ፣ ግንዱ ለጣውላ ይውል ስለነበር ደኑ ያለ ርኅራኄ ተጨፈጨፈ። ግንድ መጫኛው ባቡር ሐዲድ ሽቅብ እስከ ጥልቁ ሸለቆ ድረስ ተዘረጋ። ዛፉ ሲያልቅ ሐዲዱም ተነቀለ፤ የቀረው ጉቶና የተራቆተ ተራራ ብቻ ነበር። ከጊዜ በኋላ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት መሬቱን እየገዛ በደንነት ከለለው። በ1930ዎቹም መንግሥት ያደራጃቸው ሥራ አጥ ወጣቶች ወርልድስ ኤንድ በተባለው ፓርክ ጎጆዎችን ሠሩ። ደኑም ቀስ በቀስ አገገመ።

እ.ኤ.አ. በ1951 ኤክስፕሎረር ስካውት የሚባሉት በዕድሜ ከፍ ያሉ ስካውቶች በዚህ ዳግም በበቀለ ደን ውስጥ ጥርጊያውን መክፈት ጀመሩ። በየስፍራው የጥንቱን የባቡር መስመር ተከተሉ፤ ደኑን ለማራቆት የተደለደለው መሬት ደኑን ለማየት ለሚመጣ መንገደኛ መረማመጃ ሆነ። ዛሬ መንገዱ 59 ማይል ያህል፣ ማለትም ወደ 95 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል።

ስካውት ግን ያድጋል፤ ከሰፈሩም ይወጣል። አደራውን የተረከበው የዊልያምስፖርት አልፓይን ክለብ ነው። አባላቱ ያለ ደመወዝ የወደቀ ግንድ ይቆርጣሉ፤ ጎርፍ መቀልበሻ ያበጃሉ፤ የደበዘዘውን ቢጫና ቀይ ምልክት ያድሳሉ። ሥራው ደቦ ነው፤ የደቦው ባለማሳ ግን ነገ የሚመጣው የማይታወቅ መንገደኛ ነው።

ድካሙ ማብቂያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 መስከረም ሊ የተባለው ማዕበል ባስከተለው ዝናብ የሎያልሶክ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ በሸለቆው ከባድ ጥፋት አደረሰ። ከመጥረቢያ የተረፈውንና ዳግም የበቀለውን ሄምሎክ ደግሞ ከእስያ የመጣ፣ ነጭ ጥጥ መሳይ ሽፋን ያለው ጥቃቅን ተባይ እየመጠጠ ያደርቀዋል። ይህን ጠላት መጋዝና የቀለም ብሩሽ አይመልሱትም። ሆኖም የደረቀው ዛፍ በመንገዱ ላይ በወደቀ ቁጥር የሚያነሣው ሰው ያስፈልጋል። ስካውቶቹ የከፈቱት ጥርጊያ እስካሁን የሚታየውም ያ ሰው ስላልቀረ ነው።