ሸራውን ከጓዳው ሆኖ ያጠፈው ሰው

ነፋስ ሲበረታ ባለ ሸራ ጀልባ የያዘ ሰው ሸራውን ማሳነስ ግድ ይለዋል፡፡ ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው፡፡ ሲሠራ ግን በውድቅት ሌሊት ውጭ ወጥቶ፣ በአንድ እጅ ምሰሶ ጨብጦ፣ በሌላው ከሚገርፍ ጨርቅ ጋር መታገል ነው፡፡ ብቻውን የሚጓዝ ሰው እዚያ ላይ ካንሸራተተው አለቀለት፤ ጀልባዋን መልሶ የሚያነሳው ማን አለ? ያደግነው የጣናን ታንኳ እያየን ነውና ይሄ ጣጣ ለእኛ እንግዳ ነው፡፡ ትንሽ እናብራራው፡፡

በድሮው የአውሮፓ ዘዴ ሸራው ዝቅ ይልና ትርፉ ጨርቅ በአጫጭር ገመዶች አንድ በአንድ ይታሰራል፡፡ ኋላ ደግሞ የታችኛውን አግዳሚ እንጨት እያዞሩ ሸራውን እንደ ምንጣፍ መጠቅለል መጣ፡፡ ያም ሆነ ይህ ሰውየው በተለምዶ ወደ ምሰሶው መውጣቱ አይቀርም ነበር፡፡

ይህን መውጣት ለማስቀረት የተነሳው እንግሊዛዊው መኮንን ኸርበርት ሃስለር ነው፡፡ ፈርቶ ነው እንዳትሉ! በዲሴምበር 1942 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀርመኖች በያዙት የቦርዶ ወደብ መርከቦችን ለማፈንዳት በታንኳ የቀዘፉትን ወታደሮች የመራው እሱ ነው፡፡ ከአሥሩ በሕይወት የተመለሱት እሱና አንድ ባልደረባው ብቻ ነበሩ፡፡

ከጦርነቱ በኋላ ሃስለር 25 ጫማ ርዝመት ያላትን ጀስተር የተባለች ጀልባ አሠራ፡፡ መጀመሪያ የሞከረው ሸራ አላረካውም፡፡ ስለዚህ አውጥቶ በቻይና ሸራ ለወጠው፡፡ እኛ "የቻይና ዕቃ" እያልን የምንቀልደውን ልብ ይሏል፤ ቻይናዎች በዚህ ሸራ ለዘመናት ባሕር አቋርጠዋል፡፡

ሸራው ከዳር እስከ ዳር በሚያልፉ ዘንጎች የተከፋፈለ ነው፡፡ የሰቀለውን ገመድ ላላ ሲያደርጉት በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ የታችኞቹ ክፍሎችም ወደ ላይ እንደሚሰበሰብ የቢሮ መስኮት መጋረጃ እየተደራረቡ፣ ግራና ቀኝ በተወጠሩ ገመዶች መሃል ያርፋሉ፡፡ አንድም የሚቋጠር ነገር የለም፡፡ ሃስለር ገመዶቹን ሁሉ በጀልባዋ መሃል ወዳለች ክብ መውጫ ሳባቸው፡፡ ከዚያች ቀዳዳ ብቅ ይላል፣ ገመዱን ይለቃል፣ ተመልሶ ይገባል፡፡ በቃ፡፡

ያለ ዋጋ ግን አይደለም፡፡ ይህ ሸራ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ለመውጣት ሲታገል ከአውሮፓው ይደክማል፡፡

ሃስለር ራሱ ባፈለቀው ሐሳብ፣ ጁን 11 ቀን 1960 ከፕሊመዝ ወደ ኒውዮርክ የብቸኞች ውድድር ተጀመረ፡፡ ተወዳዳሪዎቹ አምስት ነበሩ፡፡ ፍራንሲስ ቺቼስተር በጣም በምትበልጥ ጀልባ በ40 ቀን ደርሶ አሸነፈ፤ ጀስተር በ48 ቀን ሁለተኛ ወጣች፡፡ ለእኛ ግን የሚገርመው ሁለተኛው ነው፡፡ ያችን የምታህል ጀልባ ከነፋስ ጋር እየታገለች አትላንቲክን ስትሻገር፣ ባለቤቷ ሸራ ለማሳነስ ወደ ምሰሶው መሄድ አላስፈለገውም፡፡

ሃስለር በ1987 አረፈ፡፡ ከጆክ ማክሊዮድ ጋር ስለዚህ ሸራ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1988 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ጀስተር በሌላ ባለቤት እጅ ስትወዳደር አትላንቲክ ላይ ጠፋች፡፡ ሰውየው ተርፏል፡፡ በምትኳ ሌላ ጀስተር ተሠራች፤ ሸራዋም ያው የቻይናው ነው፡፡