ቆሞ የሚያየው ሰው፦ ጅቡቲና በዓለ ሲመት

«በዓለ ሲመት» የሚለውን ቃል ከግእዝ ነው የወረስነው። ሲመት ማለት ሹመት ነው፤ በዓለ ሲመት ደግሞ የሹመት በዓል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ቃሉ የሚያወራው ስለ ተሿሚው ብቻ ነው። ፀሐይ እየመታው፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ከፖሊስ ገመድ ወዲህ ቆሞ ስለሚያየው ሰው ምንም አይልም። የታሪክ መጻሕፍቶቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ማን እንደተሾመ፣ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደተቀመጠ ይዘረዝራሉ፤ ሕዝቡን ግን እልል አለ ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የማወጋችሁ ስለዚያ ሰው፣ ማለትም ስለ ተመልካቹ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እኛ ስደተኞች በየትኛውም አገር በዓለ ሲመት ላይ ብንገኝ ቦታችን እዚያው ከገመዱ ወዲህ ነው። ደግሞም የምንኖርባት ጅቡቲ ትንሽ ከተማ ብትሆንም የራሷም የጎረቤትም ሹመት ያለፈባት ናት። (ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ በእኛው ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።)

ለመሆኑ ተመልካች ለምን ያስፈልጋል? በባህላችን መሐላ ብቻውን አይቆምም። መሬት ሲሸጥ፣ ጋብቻ ሲታሰር፣ ደም ሲደርቅ እማኝ ይቆጠራል። እማኝ የሌለው ነገር ነገ ይካዳል። የመሪ ቃለ መሐላም ከዚህ አይለይም። አሜሪካኖች ኤፕሪል 30 ቀን 1789 ኒው ዮርክ ላይ ጆርጅ ዋሽንግተንን ሲያስምሉ ሰገነት ላይ ነው ያወጧቸው፤ መንገድ ላይ የቆመው ሕዝብ እንዲያይ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በማርች 1797፣ ዋሽንግተን ፊላደልፊያ ላይ በተተኪያቸው በጆን አዳምስ ሲመት ተገኙ። ያን ቀን የታየው ትልቁ ነገር አዲሱ ሰው መማሉ አልነበረም። የቀድሞው ሰው በራሱ እግር መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ አይቶ፣ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘውድ ጫኑ። ንጉሠ ነገሥት እንጂ ፕሬዚዳንት አይደሉም። ቢሆንም የውጭ ልዑካን፣ ጋዜጠኛና የፊልም ካሜራ ያለበት ትልቅ በዓለ ሲመት አገራችን ያየችው ያኔ ነው። እንግሊዝ የግሎስተሩን መስፍን፣ ጣልያን የኡዲኔውን ልዑል፣ ፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬን ላኩ። የባሕር ማዶ እንግዶች ዋና በር ደግሞ ይቺው ጅቡቲ ነበረች። ከመርከብ ወርደው፣ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው የባቡር ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ነው የሚገቡት። እንግዲህ የዚያ በዓል የመጀመሪያው ተመልካች የእንግዶቹን ሻንጣ ያወረደው የጅቡቲ ወደብ ኩሊ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ስሙን የጻፈው ሰው ግን የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ እንግዶቹ የድሃውን ጎጆ እንዳያዩ በየመንገዱ ዳር አጥር ታጠረ። በበዓል ቀን ባለሥልጣን የሚጨነቀው እንግዳው ስለሚያየው ነገር ነው፤ የሰፈሩ ሰው ምን ያያል ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም።

ተመልካች ግን ዝም ብሎ የሚቆም ግንድ አይደለም። ለዚህ የጅቡቲ ሰው የሚያስታውሰው ምሳሌ አለ። በዓለ ሲመት ባይሆንም ስለ ተመልካች ብዙ ያስተምራል። ኦገስት 25 ቀን 1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ደ ጎል ጅቡቲ ገቡ። አገሩ ያኔ በፈረንሳይ ሥር ነበር። ሕዝቡ በየመንገዱ የወጣው እንዲያጨበጭብ ታስቦ ነው። ከሰዉ መሃል ግን ነጻነት የሚጠይቅ መፈክር ብቅ አለ። በማግስቱ ደ ጎል በአደባባይ ሊያደርጉት የነበረው ንግግር ቀርቶ አዳራሽ ውስጥ ሆነ፤ ግጭት ተነሣ፣ ሰው ሞተ። እሳቸው ከዚህ ተነሥተው አዲስ አበባ ሄዱ። ጅቡቲ ደግሞ ከተማዋ ዙሪያዋን በሽቦ ታጠረች፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው እንዳይገባ። ባልባላ ከዚያ ሽቦ ውጭ የበቀለ ሰፈር ነው። ዛሬ ከካርቲየ 5 ተነሥታችሁ ባልባላ ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ ያ አጥር የነበረበትን መስመር አቋርጣችሁ ነው የምታልፉት። አንድ ተመልካች አጨብጭብ ሲባል መፈክር በማንሣቱ የአንድ ከተማ ካርታ ተለወጠ ማለት ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ያው ሕዝብ ያንኑ ጥያቄ በድምፅ መስጫ ወረቀት መለሰ። በሜይ 8 ቀን 1977 ሕዝበ ውሳኔ ከሞላ ጎደል ሁሉም ድምፅ ሰጪ ነጻነትን መረጠ፤ ጁን 27 ጅቡቲ ነጻ ወጣች፤ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ያኔ የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ስድሳውን አልፏል። በሰፈራችን በየበሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከምታዩአቸው አዛውንቶች መካከል ያን ቀን በዓይናቸው ያዩ አሉ። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ኮከብ ያለበት ባንዲራ ሲሰቀል እነሱ የት እንደቆሙ የምታገኙት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአፋቸው ነው።

ሐሰን ጉሌድ 22 ዓመት ገደማ ከገዙ በኋላ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ሲያልፍ፣ በ1999 ምርጫ ሳይወዳደሩ ቀሩ። ድሬዳዋ የተወለዱት እስማኤል ኦማር ጌሌ ተመረጡና ሜይ 8 ቀን 1999 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ከሕዝበ ውሳኔው ልክ በ22ኛ ዓመቱ መሆኑ ነው። በዚያ ቀን ጅቡቲ፣ በሕይወት ያለ ፕሬዚዳንት ለሌላ ፕሬዚዳንት ሲያስረክብ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። ከዚያ በኋላ በ2005፣ በ2011፣ በ2016 እና በ2021 የተካሄዱት በዓለ ሲመቶች የእኚሁ ሰው ናቸው። እኛ እንግዶች ነን፤ በቤቱ ጉዳይ የሚፈርደው ባለቤቱ ነው። እኔ የምጽፈው ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅመውን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ለስደተኛ አንባቢ ከሁሉም ይበልጥ ወደሚቀርበው ልግባ። ሶማሊያ በጃንዋሪ 1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ከወደቀ ጀምሮ ዓለም የሚያውቀው ማዕከላዊ መንግሥት አልነበራትም። በሜይ 2000 ከጅቡቲ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ነፋሻማዋ አርታ የሶማሊያ የሰላም ጉባኤ ተከፈተ። የጎሳ ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ምሁራን፣ ነጋዴዎች ወራት ተከራከሩ። 245 መቀመጫ ያለው የሽግግር ሸንጎ አቋቋሙ፤ 25ቱ ለሴቶች ተሰጠ። በኦገስት መጨረሻ ሸንጎው አብዲቃሲም ሳላድ ሐሰንን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ፤ እሳቸውም እዚያው አርታ ማሉ።

እስቲ አስቡት። የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሲምል ሞቃዲሾ ያለው ሰው ከመሐላው ሩቅ ነው። ሸሽቶ አሊ አዴ ካምፕ የገባው ስደተኛ ግን በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ነው። ከአገሩ የወጣው ሰው ለአገሩ ሲመት ከባለ አገሩ ይልቅ ቀረበ! በ2004 ደግሞ አብዱላሂ ዩሱፍ የማሉት ናይሮቢ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2009 ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድ እንደገና እዚሁ ጅቡቲ ተመርጠው በዚያው ዕለት ማሉ። ሦስት ፕሬዚዳንት ተከታትሎ በሰው አገር ማለ ማለት ነው። መሐላው ወደ ሞቃዲሾ የተመለሰው በ2012 ሐሰን ሼክ ሙሐሙድ ሲመረጡ ነው፤ ያኔ ሼክ ሸሪፍ መሸነፋቸውን ተቀበሉ። እዚህ ላይ ያቺን ያስያዝኳችሁን ነጥብ አስታውሱ። ከአዲሱ ሰው መሐላ ይልቅ የቀድሞው ሰው በሰላም መውጣት ይከብዳል። በሰው አገር ማማል ይቻላል፤ ተሸንፎ በሰላም መቀመጥ ግን በገዛ አገር፣ በገዛ ሕዝብ ፊት ነው የሚደረገው።

የእኛስ? የታሪክ ትምህርቴን ሳልጨርስ ነው ከአገር የወጣሁት፤ እስከ ተማርኩት ድረስ ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ታሪካችን ያ የተሰናባቹ ወንበር ባዶ ነው። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከዙፋን ተሻሩ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1922 ዓ.ም. ሞቱ። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቮልስዋገን ተወሰዱ። በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ ፕሬዚዳንት የተባሉት ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ወጡ። ተረካቢውን ቁጭ ብሎ ያየ አንድም የለም። ከ1995 ወዲህ ግን የፕሬዚዳንትነት ወንበሩ፣ ሥልጣኑ ብዙ ባይሆንም፣ ከዶክተር ነጋሶ ጀምሮ ከሰው ወደ ሰው በሥርዓት ተላልፏል። ኤፕሪል 2 ቀን 2018 ደግሞ ዋናው ሥልጣን፣ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ፣ አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በሕይወት እያሉ፣ እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ተገኝተው ለዶክተር ዐቢይ አሕመድ ተላለፈ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 25 ቀን ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲምሉ ካርቲየ 5 በምኖርበት ግቢ በአንዲት ጎረቤታችን ቴሌቪዥን ተሰብስበን አይተናል። ቬንትላተሩ ዙሪያ ስምንት ዘጠኝ ሰው ሆነናል። ጅቡቲ ብዙ ዘመን የኖሩ አንዲት እናት «እኚህ ሴትዮ እኮ እዚሁ አምባሳደራችን ነበሩ!» ብለው እልል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከ1993 እስከ 2002 ጅቡቲ ሠርተዋል። የአከራያችን ልጅ፣ ጅቡቲያዊ ነው፣ ትንሽ ካየ በኋላ በተሰባበረ አማርኛ «ሰዉስ የታለ?» አለ። አዳራሹን ብቻ ነው የምናየው፤ የምክር ቤት አባላት፣ ሱፍ፣ የሐበሻ ልብስ። መንገድ ላይ የቆመ ሰው አይታይም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 70 እንደሚለው ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው ብዬ አስረዳሁት። ልጁ ግን የጠየቀኝ ስለ አንቀጽ አልነበረም። «ሰዉ እኛ ነን» አሉት እናታችን፣ ወለሉ ላይ የተቀመጥነውን በእጃቸው እያሳዩ።

ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሆኖም አንድ ነገር ልጨምርበት። የ2018 ደስታ አልዘለቀም፤ በኖቬምበር 2020 በሰሜን አገራችን ጦርነት ተነሣ። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ያጨበጨበው እጃችን ኋላ እንባ ጠርጓል። ታዲያ ማየት ምን ጠቀመ? ይላል ሰው። እኔ የምለው፣ የእማኝ ሥራ የሚጀምረው ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። ሽማግሌ ፊት የተማለ ነገር ሲፈርስ ሽማግሌው «እንዲህ ብለህ ነበር» ይላል። ይህን ለማለት ግን የተባለውን ማስታወስ አለበት። የማያስታውስ ተመልካች ከፖሊስ ገመዱ አይሻልም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የዚህ ወር የታሪክ ሥራችሁ ይኸውላችሁ። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያሉ አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ ኢትዮጵያዊ ቢሆኑ፣ ሶማሌ ቢሆኑ፣ ጅቡቲያዊ ቢሆኑ ግድ የለም። አንድ መሪ ሲሾም አይተው ወይም በሬዲዮ ሰምተው ያውቃሉ? የት ቆመው ነበር? አጠገባቸው ማን ነበር? የሚወርደው ሰው ታየ ወይስ ጠፋ? ከመሐላው ውስጥ ያስታወሱት ቃል አለ? በደብተራችሁ ጻፉት፤ ቀኑንና ቦታውን አትርሱ። ጽሑፋችሁን ሰብስበን በክፍል እናነበዋለን።

ወላጆችም ልጆች ሲጠይቋችሁ «እኔ ምን አውቃለሁ» አትበሏቸው። አይታችኋል። ቸር ይግጠመን።