ስድስቷ ፔኒ

እንዲህ ሆነላችሁ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1889 ነው፤ እኛ ዘንድ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁበት ዓመት። አገሩ ለንደን፣ ቦታው ቴምዝ ወንዝ ዳር ያለው የዌስት ኢንዲያ ወደብ።

እኛ መርከብ የሚጭነውንም የሚያራግፈውንም «ጫኝና አውራጅ» ብለን እንገላገላለን፤ ንቀት ሲጨመርበት ደግሞ «ኩሊ»። ለንደኖች ስሙንም በደረጃ ከፋፍለውት ነበር። መርከቡ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ማዕበል እንዳያናውጠው ጭነቱን አስማምቶ የሚደረድረው ስቲቨዶር ይባላል፤ ባለሙያ ነው፣ ማኅበር አለው፣ ክፍያውም ደህና ነው። የመጣውን ዕቃ አውርዶ ወደ መጋዘን የሚያመላልሰው ዶከር ግን ዕለተኛ ነው፤ ማን ይቆጥረዋል?

ዶከሩ ጠዋት በር ላይ ይሰለፋል። ሰልፍ ስላችሁ ወግ ያለው እንዳይመስላችሁ፣ ግፊያ ነው። ካቦው ከወዲያ ቆሞ «አንተ፣ አንተ» እያለ ይመርጣል፤ ከወዲህ ያለው እንዲታይ ብሎ ሰው ትከሻ ላይ ይንጠላጠላል፣ ልብስ ይቀደዳል። የተመረጠው በሰዓት 5 ፔኒ ያገኛል። ሥራው በአንድ ሰዓት ካለቀም በአንድ ሰዓቱ ይሰናበታል። የሚልዎል ወደብ ሥራ አስኪያጅ፣ ልብ አድርጉ አሠሪው ራሱ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው አንድ ሰዓት ሠርቶ በ5 ፔኒው ምግብ ሊገዛ እንደሚወጣ መስክሯል።

ኦገስት ላይ «ሌዲ አርምስትሮንግ» የምትባል መርከብ ስትራገፍ በማበረታቻ ክፍያ ጠብ ተነሣ። ጥንት የሻይ መጋዘን ሠራተኛ የነበረው ቤን ቲሌት ጥያቄውን ሰነዘረ፦ በሰዓት 6 ፔኒ ይከፈለን፣ ከ4 ሰዓት በታች ቅጥር ይቅር። ኩባንያዎቹ እምቢ አሉ።

ደግሞስ ዕለተኛ ቢያድም ማን ይደነግጣል? ሌላ ራብተኛ በር ላይ ሞልቷል። ነገሩ የተገለበጠው ስቲቨዶሮቹ ሥራ ያቆሙ ዕለት ነው። የእነሱን ቦታ መንገደኛ አይሸፍነውም። የራሳቸው እንጀራ ሳይነካ ለዚያ ለማይቆጠረው ወጡለት፤ እኔ ከዚህ ታሪክ እሷን ነው የምወዳት። ወደቡ ቀጥ አለ።

አድመኞቹ ባለባንኮቹ ሰፈር ድረስ ሰልፍ ይወጡ ነበር። በእንጨት ጫፍ የዓሣ ጭንቅላትና የሸተተ ሽንኩርት ሰክተው ይዞራሉ። ምሳችን ይኸው፣ እዩልን ማለታቸው ነው።

ግን ሆድ መቼ ሰልፍ ይበላል! ራብ ሊበትናቸው ሲል ከአውስትራሊያ ገንዘብ ደረሰ፤ 30,000 ፓውንድ ያህል። እዚያ ያሉት የወደብ ሠራተኞች ፊታቸውን አይተውት ለማያውቁት ሰው አዋጡ። የ81 ዓመቱ አዛውንት ካርዲናል ማኒንግም ለሽምግልና ተነሡ። ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ስድስቷ ፔኒ ተፈቀደች፤ አራት ሰዓቱም እንደዚያው።

የጠዋቱ ምርጫ ግን እዚያው ቀረ። መልኩን እየለዋወጠ እስከ 1967 ዘለቀ፤ ዕለተኝነት ያበቃው ያን ዓመት ነው። ዶከሩ ቋሚ ሠራተኛ ሲባል ኮንቴይነር የሚሉት የብረት ሣጥን ደርሶ ነበር፤ በትከሻ የሚወርደውን ሁሉ ክሬን ያነሣው ጀመር። ዌስት ኢንዲያ ወደብም በ1980 ተዘጋ።